“ሠ”ን የነካው ልጅ አልተሳሳተም

ጥያቄ፦ «ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሙያችን ሶፍትዌር ነው። ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ፊደልና ቁጥር የሚያስተምር የታብሌት ጨዋታ ጀምረናል። አንድ ማዕከል አምስት ልጆችን እንድናገኝ ፈቅዶልናል፤ ‹ከልጆቹ ጋር ሆናችሁ ንደፉት› የሚል ምክርም ተሰጥቶናል። ነገር ግን ሦስቱ ልጆች አይናገሩም፤ ሁለቱ ደግሞ የጠየቅናቸውን ቃል መልሰው ይደግሙልናል። ወላጆችንና መምህራንን መጠየቅ አይበቃም? ካልበቃስ ልጆቹን ምን ብለን እንጠይቃቸው?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ምንም ብላችሁ አትጠይቋቸው። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፋችሁን ያዙና እጃቸውን ተመልከቱ። እንዲህ የምለው በልዩ ፍላጎት መምህርነቴ ካየኋቸው ነገሮች አንዱ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ስላልጠፋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች የፊደል ጨዋታ ሠርተው እኔ ወደማስተምርበት ክፍል መጡ። ጨዋታው ቀላል ነበር። ድምፅ ይሰማል፤ አራት ፊደላት ይወጣሉ፤ ልጁ የሰማውን ፊደል ይነካል። ትክክል ከሆነ ጭብጨባ፣ ካልሆነ «ጧ!» ብሎ የሚፈነዳ ፊኛ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረን፤ ከአፉ ቃል የማይወጣ፣ ፊደል ግን ከማናችንም በላይ የሚወድ። «ሰ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከአራቱ ፊደላት መካከል «ሰ»ም «ሠ»ም ነበሩ። ልጁ «ሠ»ን ነካ። ጧ! ደግሞ ነካው። ጧ! ሦስተኛ ጊዜ ነካውና ታብሌቱን በፊቱ ደፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ከወጣቶቹ አንዱ በማስታወሻው ላይ «ሰን ከሠ አይለይም» ብሎ ጻፈ።

እኔም ጽሑፉን አይቼ ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ቡና ሳፈላ ነው የገባኝ። ልጁ ምን አጠፋ? በአማርኛ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው። ድምፅ ሰምተህ ፊደሉን ንካ ተባለ፤ ሰምቶ ነካ። የተሳሳተው ጨዋታው ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን «እሺ፣ እንግዲያው ይኛውን ልሞክር» ብሎ ያልፈው ነበር፤ እኛም ስሕተቱን ሳናውቀው ጨዋታው በየቤቱ ይገባ ነበር። ይኼ ልጅ ግን ትክክል የሆነ ነገር ስሕተት ሲባል አይዋጥለትም። በማግስቱ ለወጣቶቹ ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ማስታወሻቸውን አወጡና «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» እያሉ መቁጠር ጀመሩ። «ሀ» እና «ሃ»ም አሉ፤ በአማርኛ አነባበብ ግዕዙና ራብዑ አንድ ሆነው የቀሩ። ከጠረጴዛ ሥር ያለው ልጅ አንዲት ቃል ሳይናገር የጨዋታውን ሕግ ከመሠረቱ አስቀየረ።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን አይበቁም ወይ ላላችሁት፦ አይበቁም፤ ያለ እነርሱም አይሆንም። እናት ልጇ የትኛውን ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን እንደሚይዝ፣ የትኛውን ሳሕን እንደማይነካ፣ እንቅልፍ ያጣ ዕለት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ይህን ሳትጠይቋት ክፍል ብትገቡ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ነገር ግን እናት ልጇ «እማዬ» እንዲላት ትመኛለች፤ መምህሩ የዓመቱ ትምህርት እንዲሸፈን ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ ጨዋታችሁ እንዲወደድላችሁ። ሁላችንም ስለ ልጁ ስንናገር በመሐሉ ስለ ራሳችን እንናገራለን። የ«ሠ»ን ነገር እናቱም ልትነግራችሁ አትችልም ነበር፤ እኔም ስንት ዓመት ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ አላስተዋልኩትም።

ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊ የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ይላል፤ ኦቲዝም ያለው ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ ሌላውም እርሱን ለመረዳት ይቸገራል። በፋይል ላይ የሚጻፈው ግን የአንደኛው ወገን ችግር ብቻ ነው። ያ ወጣት «አይለይም» ብሎ ሲጽፍ ያደረገው ይህንኑ ነው።

«አብሮ መንደፍ» የሚለው ነገር አመጣጡም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ከኮምፒውተር ሊቁ ከክሪስተን ኒጎር ጋር ሆኖ አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ኮምፒውተር ወደ ፋብሪካችን ሲገባ እኛስ በአሠራሩ ላይ ቃል የለንም ወይ? ስለዚህ ከሥሩ የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ ስለ ደስ የሚል አውደ ጥናት አይደለም። በኋላ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሊሰን ድሩይን በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከልጆች ጋር ለዓመታት ከሠራች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የልጆችን ድርሻ በአራት ከፈለችው፦ ተጠቃሚ፣ ፈታኝ (የተሠራውን የሚሞክር)፣ መረጃ ሰጪ፣ የንድፍ ባልደረባ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ አገር «ከልጆች ጋር ሠራነው» ተብለው የቀረቡልኝ ጨዋታዎች ሁሉ ልጆቹን ያገኟቸው ካለቁ በኋላ ነው። ይህ ልጆቹን ፈታኝ ማድረግ ነው፤ መጥፎ አይደለም፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። እኔ የምለካበት መለኪያ አንድ ነው፤ ልጁ ስላልፈለገው የተጣለ፣ ወይም ልጁ ስላደረገው የተለወጠ ነገር አሳዩኝ እላለሁ። ማሳየት ካልቻላችሁ ልጆቹን ለፎቶግራፍ ነው የጠራችኋቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ታብሌት ይዛችሁ አትሂዱ። ቁጭ በሉ። ማን ወደ መስኮቱ ይሄዳል? ማን የአሻንጉሊት መኪና ጎማ ሲሽከረከር ይመለከታል? ማን ቆርኪ ይደረድራል? የቆርኪው ድርድር በልጁ ፋይል ላይ እንደ ችግር ተጽፎ ታገኙት ይሆናል። ለእናንተ ግን የንድፉ መነሻ እርሱ ነው።

ቆርኪ የሚደረድር ልጅ እኛም ነበረን። በየቆርኪው ላይ ፊደል ለጠፍንለትና በሳጥን ሰጠነው። ማንም ሳያዝዘው ሰባት ሰባት እያደረገ መደርደር ጀመረ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ዓይኑ ብቻ እየመራው። ካዕብ ላይ ሲደርስ «ሁ፣ ሉ፣ ሙ፣ ቡ» ሁሉም በስተቀኝ ወገባቸው ላይ ጭረት አላቸው። «ሩ» እና «ፉ» ግን ጭረታቸው ከእግራቸው ነው። ልጁ ሁለቱን ከረድፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ለብቻቸው አስቀመጣቸው። በማግስቱም እንዲሁ። እኛ መልሰን ስንከታቸው እርሱ ያወጣቸዋል። ሳድስ ላይማ ሕግ የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ጥጉ ሞላ። ከዚያ ነው ጨዋታው ውስጥ «የእንግዶች ቤት» የሚባል ክፍል የገባው፤ ከረድፋቸው የተለየ መልክ ያላቸው ፊደላት መጀመሪያ እዚያ ያርፋሉ፤ ልጁ ሲፈልግ በራሱ እጅ ወደ ረድፋቸው ይመልሳቸዋል። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ይህን ሁሉ በዜማ ብቻ ስናስጠና የኖርን ሰዎች የትኞቹ ልጆችን እንደሚያስቸግሩ ከልጅ መማራችን ትንሽ ያሳፍራል።

ልብ በሉ፤ ለዚህ ልጅ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጥተን «የምትወደውን ጨዋታ ሣል» አላልነውም። ብዙ ዲዛይነሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ባዶ ወረቀት ለእነርሱ ነፃነት ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻው የማይታወቅ ሥራ ለሚያስጨንቀው ልጅ ግን ባዶ ወረቀት ገደል ነው። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ እነ ሎራ ቤንተን «አይዲያስ» በተባለው አካሄዳቸው ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ጋር የሒሳብ ጨዋታ ሲነድፉ ይህን በሚገባ አስበውበታል። መነሻቸው በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተመሠረተው «ቲች» የሚባለው የማስተማር ዘዴ ነበር፤ የዕለቱ ተግባር በሥዕል ተደርድሮ ይታያል፤ የተጠናቀቀው ይነሣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። ሥርዓቱ የልጁን የፈጠራ ችሎታ ያፍናል ብላችሁ አትፍሩ። ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያለ የሚጨነቅ ልጅ መፍጠሪያ ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ቀኑ አንድ ይሁን፤ ሰዓቱም፣ ጥጉም፣ የሚቀበለው ሰውም። በካርቶን ላይ አምስት ሥዕሎች ለጥፉ፦ ሰላምታ፣ ቆርኪ፣ ታብሌት፣ እረፍት፣ መሰነባበቻ። ያለቀው እየተነሣ «አለቀ» የሚል ሣጥን ውስጥ ይግባ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አምስቱን ልጆች አንድ ላይ አትሰብስቡ፤ አንድ በአንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሁለት።

ከሁሉም በፊት ግን የሚሠራው ካርድ «በቃኝ» የሚለው ነው። ልጁ ያንን ካርድ ሲያነሣ ወይም ወደ በሩ ሲያመለክት በዚያችው ቅጽበት ይቁም፤ ምንም እንኳ እናንተ «አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አሁን ነው የሚደርሰው» እያላችሁ ቢቆጫችሁ። ወላጅ ፈረመ ማለት ልጁ ተስማማ ማለት አይደለም፤ የልጁ ፈቃድ በየዕለቱ፣ በየደቂቃው ነው የሚጠየቀው። ይህን የምለው ለሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። «አይሆንም» ብሎ የማያውቅ ልጅ «እሺ» ማለቱ ምንም አይነግራችሁም። ብዙዎቹ ልጆቻችን ከጠዋት እስከ ማታ እጃቸው ተይዞ «እንዲህ አድርግ» ሲባሉ የሚውሉ ናቸው። እምቢታቸው እንደሚሰማ ሲያውቁ ነው ምርጫቸው ምርጫ የሚሆነው። አንዲት ልጅ በሁለተኛው ሳምንት «በቃኝ»ን አሥራ አንድ ጊዜ አነሣች። እያነሣች ፊታችንን ታያለች። ካርዱን እየፈተነችው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አነሣችው፤ የጀርባ ሙዚቃው ሲጀምር። ሙዚቃውን አወጣነው።

ቃል የሚደግሙላችሁን ሁለት ልጆች በተመለከተ፦ መድገማቸው ባዶ ማስተጋባት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ»፣ «ቆይ»፣ አንዳንዴም «አዎ» ማለት ነው። በምርጫ ላይ ግን ያሳስታል። «ቀይ ይሻላል ሰማያዊ?» ስትሉት «ሰማያዊ» ይላል፤ መጨረሻ የሰማው እርሱን ስለሆነ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ አሁንም «ሰማያዊ» ካለ መረጠ ማለት ነው። ከቃል ይልቅ ግን ነገሩን ራሱን አቅርቡ። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ድምፅ፣ ሁለት የሚንቀሳቀስ ነገር፤ ቦታቸውን እየለዋወጣችሁ። ካቀረባችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አሥር ረጅም ነው፤ እናንተ በሦስት ላይ መልሱን ልትነግሩት ትፈልጋላችሁ። የልጁን እጅ ይዞ ወደ ታብሌቱ መምራትም ልማድ ሆኖብናል፤ እርሱን የሚያደርግ ረዳት ካለ በትሕትና አስቁሙ፤ አለዚያ ጨዋታውን የሚነድፈው ረዳቱ ነው።

ደግሞ ኮድ ለመጻፍ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከወረቀትና ከቆርኪ ይሠራ። ሁለተኛው ከሥዕልና ከድምፅ ይሠራ፤ ልጁ ሲነካ ከጀርባ የተቀመጠው ሰው በእጁ ድምፁን ያሰማ። አንድ ወር የለፋችሁበትን ፕሮግራም ልጁ ሲጥለው ልባችሁ ይሰበራል፤ ልባችሁ ሲሰበር ደግሞ ምክንያት መደርደር ትጀምራላችሁ። ወረቀት ሲጣል ማንም አያዝንም።

ወደ ፊኛው ልመለስ። ያ «ጧ!» አንዱን ልጅ ከጠረጴዛ ሥር አስገባው አልኩ። በዚያው ክፍል አንዲት ልጅ ደግሞ ፊኛውን ወደደችው፤ ሲፈነዳ ለማየት እያወቀች ስሕተቱን ትነካለች። መዝገቡ ግን «ከሃያ ሙከራ ሁለት ብቻ ትክክል» ይላል። ፊደል የማታውቅ የምትመስለው ይህች ልጅ በቆርኪው ላይ አንድም አልሳተችም። ስለዚህ ስሕተት ሲነካ ምንም አይሁን፤ ፊደሉ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ይቆይ፤ አለቀ። ፊኛውን ግን አትጣሉት! ለብቻው፣ በፈለገችው ጊዜ የምታፈነዳበት ገጽ ስጧት። ጭብጨባውም ቢሆን ለአንዳንዱ ጆሮ ከፊኛው አይሻልም። ድምፁን መቀነስና ማጥፋት በየልጁ ስም ይቀመጥ፤ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር አዲስ አይሁን።

በኤዲንብራ ትማር የነበረችው አሊሳ አልኮርን «ኤኮስ» የተባለውን የእንግሊዝ ፕሮጀክት ስትመረምር ያገኘችው ነገር ለእናንተ ትልቅ ስጦታ ነው። ኤኮስ ልጆች በትልቅ የሚነካ ስክሪን ላይ ከአንድ ምናባዊ ልጅ ጋር የሚጫወቱበት የአትክልት ስፍራ ነው። ታዲያ ልጆቹ በራሳቸው ተነሣሽነት ወደ አዋቂው ዞር ብለው ሐሳባቸውን ይገልጹ የነበረው ያልጠበቁት ነገር ሲገጥማቸው ነበር፤ የፕሮግራሙ ብልሽትም ጭምር። ሠሪዎቹ ያፈሩበት ስሕተት ልጆቹን አናገረ። የእኛም «ሠ» ይኸው ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ጨዋታ ውስጥ ሆን ብላችሁ አንዳንድ የተሳሳተ ነገር አስገቡ፤ የተገለበጠ «መ»፣ ስድስት ፊደል ብቻ ያለው ረድፍ። ማን እንደሚያስተካክለው፣ ማን እንደሚስቅ፣ ማን እጃችሁን ጎትቶ እንደሚያሳያችሁ ተመልከቱ። መጠኑን ግን ጠብቁ፤ ለመሳቅ የሚበቃ እንጂ ለማስለቀስ የሚበቃ አይሁን።

የጨዋታ ሐሳብ ፍለጋ ወደ ውጭ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ደጃችሁን ተመልከቱ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ይህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ አከፋፈት ነው፤ ተራው የማን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ያላወቀ ደግሞ አገር ይሰጣል፤ መሸነፍ ራሱ የጨዋታው ክፍል ነው፤ ማንም «ጧ!» አይልበትም። «አኩኩሉ» «አልነጋም» የሚለውም ልጁ እስኪዘጋጅ ድረስ የሚጠብቅ ጨዋታ ነው፤ «ነጋ» ባዩ የተደበቀው ነው። ተራ መጠበቅን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ከየት ታመጣላችሁ?

አቡጊዳንም አትርሱ። የኔታ ልጁ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ»ን በዜማ ካወረደ በኋላ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» የሚያስቆጥሩት ለምንድን ነው? ቅደም ተከተሉ ሲበጠስ ዜማው አይረዳውም፤ ዓይኑ ፊደሉን ያውቃል ወይስ ጆሮው ብቻ ነው የያዘው የሚለው ያኔ ይለያል። የእኛ ልጆች መካከል 231ዱንም በዜማ የሚያወርዱ፣ ለብቻው የተነጠለ «ጊ» ግን የሚያደናግራቸው አሉ። ተቃራኒውም አለ፤ ያለ ድምፅ ሁሉን የሚያውቅ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማዕከል፣ ጆይን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተችው ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ የራሷን ልጅ ለማስተማር የደከመችበትን ዘዴ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ብላ መሰየሟ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጨዋታችሁ ሁለቱንም መንገድ ይያዝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰዓቱ አለቀ ብሎ «ሌ» ላይ የሚያቆም ጨዋታ አትሥሩ። ረድፉ «ሎ» ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ይቆማል።

ልጁ ያሳያችሁን ሁሉ እንዳለ ገልብጡ ማለቴ አይደለም። ካርድ በቀረበለት ቁጥር የአየር ማራገቢያ ሥዕል ያለበትን የሚያነሣ ልጅ ብታገኙ ጨዋታውን በማራገቢያ አትሙሉት። ከማራገቢያው የሚያገኘው ምንድን ነው? መዞሩ? ነክቶ ማስነሣቱና ማቆሙ? አራቱንም ክንፍ እኩል ማየቱ? አንድ በአንድ ለይታችሁ አቅርቡለትና ለየትኛው እንደሚመለስ እዩ። ሦስት ጊዜ የተመለሰበት ነገር ሐሳቡ ነው። ይህን የትርጉም ሥራ ብቻችሁን አትሥሩ፤ እናቶቹን የምትፈልጓቸው በተለይ እዚህ ላይ ነው። በባርሴሎና የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች «ፒኮ» የተባለ ከሌላ ዓለም የመጣ ገጸ ባሕርይ ያለበትን የእንቅስቃሴ ጨዋታ ሲሠሩ የሕክምና ባለሙያዎችን ዓላማና የልጆቹን ሐሳብ ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው የነደፉት። ሁለቱ ሲጋጩ ማን ይሸነፍ? የእኔ መልስ፦ ዓላማው ይቆይ፣ መንገዱን ልጁ ይምረጥ። ዓላማው ራሱ «ዓይን ዓይናችንን ይይ» የሚል ከሆነ ግን ዓላማው ይሸነፍ።

የቴክኒኩን ነገር ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ ማስታወቂያ ዘሎ አይውጣበት፤ መብራት ጠፍቶ ቢዘጋ ካቆመበት ይቀጥል፤ ድምፁ የአንድ ሰው፣ የተረጋጋ፣ ያልተዘፈነበት ይሁን። ከአምስቱ ልጆች መካከል ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚነገርበት ካለ መጀመሪያ የሚማረው ቁቤ ሊሆን ይችላልና ፊደሉን አትጫኑበት፤ ቁጥሩን ይጫወት። በውጭ አገር ያሉ ወላጆችም ጨዋታውን ይፈልጉታል። «ልጅህ ኦቲዝም ስላለው በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግረው» ተብለው አማርኛን ከቤታቸው ያስወጡ አውቃለሁ፤ ሁለት ቋንቋ እንዲህ ያለውን ልጅ ይጎዳል የሚለውን ጥናቶች አልደገፉትም።

«ኦቲዝምን ያክማል» ብላችሁ እንዳትሸጡት። ፊደል ያስተምራል፤ እርሱም ይበቃዋል። በታብሌቱ ላይ ያወቀውን ፊደል በመጽሐፍ ላይ ሲያየው የማያውቀው ልጅ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቆርኪው፣ ካርዱና የሱቅ ላይ ጽሑፉ ከታብሌቱ ጎን ይቀጥሉ። የልጆቹን ፊት ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አታውጡ። ልጃቸውን ከጎረቤት ዓይን ደብቀው የኖሩ እናቶች ናቸው እምነት የጣሉባችሁ። የምትመጡበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነም ከአራት ሳምንት በፊት በሥዕል ሰሌዳው ላይ ይታይ፤ አንድ ቀን ድንገት የቀረ ሰው እስከ ዓመት መጨረሻ በር ላይ የሚጠበቅበትን ክፍል አውቃለሁ።

ያ ልጅ? ወጣቶቹ ጨዋታውን አስተካክለው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ። «ሰ» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ሠ»ን ነካ፤ ፊደሉ አበራ። ታብሌቱን አየው፣ ከዚያ «ሰ»ን ነካ፤ እርሱም አበራ። እንደገና «ሠ»። እንደገና «ሰ»። ጨዋታው ወደ ሚቀጥለው ድምፅ ሊያልፍ ሲል በጣቱ መልሶ ያዘው። ስለዚህ «ወደ ኋላ» የሚለው ቁልፍም የእርሱ ነው። ፊደሉን ትታችሁ ወደ ቃል ስትሄዱ ግን «ሥራ» የሚጻፈው በየትኛው ነው የሚል ጥያቄ ይገጥማችኋል፤ ልጁም አያሳልፋችሁም። እዚያ ስትደርሱ ጻፉልኝ።